የክልሎች የኢኖቬሽን ሰሌዳ በግንባታ ሰው ዓይን

የአውሮፓ ኮሚሽን በየሁለት ዓመቱ የሚያወጣው የክልሎች የኢኖቬሽን ሰሌዳ የሚባል አገልግሎት አለ። ነፃ ነው። ካርታውን ትከፍታላችሁ፣ አንድ ክልል ትጫናላችሁ፣ ያ ክልል በኢኖቬሽን ከአውሮፓ ኅብረት አማካይ በላይ ይሁን በታች ወዲያው ያሳያችኋል።

እኔ የግንባታ ኩባንያዎችን የማማክር ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ደንበኞቼ የሚጠይቁኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። አዲስ የግንባታ ዘዴ የት አካባቢ ሥር ሰዷል? የት ገና ነው? ተገጣጣሚ ግድግዳ የሚያመርት ፋብሪካ የቱ ጋ ቢተከል ሥራውን የሚያውቅ ተቋራጭ ይገኛል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው ይሄን ሰሌዳ ነው። እኔም እከፍተዋለሁ። ግን አከፋፈት አለው።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ክልሎችን በጥቅሉ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ ነፃ መሣሪያ አላውቅም። የኮንስትራክሽን ዘርፉን ብቻ ነጥሎ ለማየት ግን አይሆንም። ችግሩ ደግሞ ዘርፉን በደብዛዛው ማየቱ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ክልል ከሌላው አብልጦ ማደብዘዙ ነው። ክልልን ከክልል ለሚያወዳድር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ ጥሩ ጥሩውን። በ2023 የወጣው እትም (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) 239 ክልሎችን ያካትታል። ክልሎቹ የ22 የኅብረቱ አባል አገሮች ናቸው፤ ኖርዌይ፣ ስዊዘርላንድ፣ ሰርቢያና ብሪታንያም ተጨምረዋል። መለኪያዎቹ 21 ናቸው። የተማረ የሰው ኃይል አለ፣ የምርምርና ስርጸት ወጪ አለ፣ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አለ፣ የንግድ ምልክት አለ፣ አዲስ ምርት ወይም አዲስ አሠራር ያመጡ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች አሉ። ከዚያ ክልሎቹ በአራት ይመደባሉ። ከኅብረቱ አማካይ ከ125 በመቶ በላይ ያለው መሪ ነው። ከ100 እስከ 125 ጠንካራ፣ ከ70 እስከ 100 መካከለኛ፣ ከ70 በታች ደግሞ ገና ብቅ እያለ ያለ ይባላል። በ2023 አንደኛ የወጣው ኮፐንሃገን ያለችበት የዴንማርኩ ሆቬድስታደን ነው። ሄልሲንኪ-ኡሲማና የጀርመኑ ኦበርባየርን ይከተላሉ።

በጣም የምወደው ግን ደረጃውን አይደለም። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ገጽ አለው። እዚያ ላይ የሸረሪት ድር የሚመስል ሥዕል ታገኛላችሁ፤ በ21 አቅጣጫ የተዘረጋ፣ እያንዳንዱ ጫፍ አንድ መለኪያ። ጠቅላላ ነጥቡን ለጊዜው እርሱትና የሥዕሉን ቅርጽ እዩ። ሁለት ክልሎች እኩል ነጥብ ኖሯቸው ቅርጻቸው ጨርሶ ላይገናኝ ይችላል። አንደኛው በሳይንስ ጽሑፍና በዲግሪ በኩል ወጥቶ በድርጅቶቹ በኩል ገብቷል። ሌላው ተገላቢጦሽ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ስም የለውም፣ ትንንሽ ድርጅቶቹ ግን አሠራራቸውን በየጊዜው ይለውጣሉ። ለግንባታ ሰው ከሁለቱ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ካርታው ላይ ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባሉ።

ከ21ዱ መካከል ለኛ ዘርፍ የሚቀርበውን አንድ ምረጥ ብባል ከምርምር ውጭ የሚወጣውን የኢኖቬሽን ወጪ እመርጣለሁ። አዲስ ማሽን መግዛት፣ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ የሌላ ሰው ቴክኖሎጂ በፈቃድ ወስዶ መጠቀም፣ ይሄ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ኪት ፓቪት የሚባል ምሁር በ1984 ዘርፎችን በኢኖቬሽን ምንጫቸው ሲከፋፍል ቤት ግንባታን ያስቀመጠው አዲስ ነገር ከአቅራቢ ከሚመጣላቸው ጋር ነው። ሳይት ላይ የዋለ ሰው ይሄን አይክድም። አዲሱን ነገር ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ዕቃ አቅራቢው ነው። ስለዚህ ተቋራጩን ስንት ፓተንት አለህ ከማለት ምን ገዛህ፣ ማንን አሠለጠንክ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሌላው የማደንቀው ግልጽነቱ ነው። መረጃው በኤክሴል ይወርዳል። የአሠራር ዘዴው ተጽፎ ተያይዟል። የቱ ቁጥር ከክልሉ በቀጥታ እንደተሰበሰበ፣ የቱ ደግሞ ከአገር አቀፍ መረጃ ተገምቶ እንደተሞላ ማወቅ ይቻላል። ይሄን ያህል ገልጦ የሚያሳይ የደረጃ ሰንጠረዥ ጥቂት ነው። ሁለት ተቀራራቢ ክልሎችን ከማወዳደራችሁ በፊት ይቺን ነገር ማየት አትርሱ። ልዩነቱ የክልሎቹ ሳይሆን የግምቱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ግንባታው እንምጣ። ከ21ዱ መለኪያዎች ሰባት ያህሉ የሚመጡት ከአንድ ምንጭ ነው። ዩሮስታት የሚባለው የኅብረቱ የስታቲስቲክስ ቢሮ የሚያስተባብረው፣ አባል አገሮች በየሁለት ዓመቱ የሚያካሂዱት የድርጅቶች የኢኖቬሽን ዳሰሳ ነው። የድርጅቶችን ባሕርይ የሚያሳየን እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ዳሰሳው የግድ ማካተት ያለበት የዘርፎች ዝርዝር አለ። ማዕድን አለበት። አምራች ኢንዱስትሪ አለበት። ኃይል፣ ውኃ፣ ጅምላ ንግድ፣ ትራንስፖርት፣ መረጃና ኮሙኒኬሽን፣ ፋይናንስ፣ የሥነ ሕንፃና የምህንድስና ማማከርም አለበት። ኮንስትራክሽን የለበትም።

አንዳንድ አገሮች በራሳቸው ፈቃድ ይጨምሩታል። የብሪታንያው ዳሰሳ ለምሳሌ ግንባታን ያካትታል። የግዴታው ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ይሄ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ሕንፃ ሲነሣ ሥዕሉን የሣለው ቢሮ ይጠየቃል። መስታወቱን ያመረተው ፋብሪካ ይጠየቃል። ሲሚንቶ አምራቹም ይጠየቃል። ሕንፃውን ያቆመው ሰው አይጠየቅም!

ወንፊቱ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ዳሰሳው 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸውን ድርጅቶች ነው የሚጠይቀው። በአውሮፓ ኅብረት ካሉት የግንባታ ድርጅቶች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ10 ሰው በታች ናቸው። ስለዚህ ዘርፉ ነገ ዝርዝሩ ውስጥ ቢገባ እንኳ አናጺው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ጣሪያ ሠሪው አሁንም ከውጭ ይቀራል። ሳይት ላይ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው።

አንድ ነገር ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ሳይት ላይ በነበርኩበት ጊዜ የኮለን (የምሰሶ) ፌሮ የሚታሰረው እዚያው ቦታው ላይ ነበር። ፌራዮው መወጣጫ ላይ ቆሞ ስታፋውን፣ ማለትም ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያቅፈውን ቀለበት፣ አንድ በአንድ እያስገባ በሽቦ ያስራል። ነፋስ አለ፣ ከፍታ አለ፣ ከሥር ሌላ ሠራተኛ አለ። የፌራዮዎቹ ኃላፊ አንድ ቀን ሐሳብ አመጣ። መሬት ላይ የእንጨት ማስደገፊያ ተሠራ። የስታፋዎቹ ርቀት ማስደገፊያው ላይ በቀለም ምልክት ተደረገ። የኮለኑ ፌሮ በሙሉ እዚያ ላይ ተጋድሞ ይታሰራል፣ ከዚያ በክሬን ተነሥቶ ቦታው ይቆማል። ርቀቱ አንድ ወጥ ሆነ። ከፍታ ላይ የሚውለው ሰው ቀነሰ። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱም ፌሮውን መሬት ላይ እያለ ዞሮ ዞሮ ማየት ቻለ። ዘዴው ለዓለም አዲስ አይደለም። ለዚያ ድርጅት ግን አዲስ ነበር፣ ሥራ ላይም ውሏል።

የኢኖቬሽን መለኪያ ዓለም አቀፍ መመሪያ የሆነው የኦስሎ ማኑዋል በ2018 እትሙ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነው። ድርጅቱ ከበፊቱ በጉልህ የተለየ ምርት ወይም አሠራር አምጥቶ ሥራ ላይ አውሏል ወይ? አውሏል። እንደ ትርጉሙ ከሆነ ያ ማስደገፊያ ኢኖቬሽን ነው። የቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ? የትም አልገባም። ወጪው የፕሮጀክቱ ሒሳብ ላይ ተጻፈ እንጂ ምርምርና ስርጸት ተብሎ አልተመዘገበም። ፓተንት አልወጣበትም። ጠያቂም አልመጣም።

ይሄ የአንድ ሳይት ታሪክ ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። በብሪታንያ ኔስታ የተባለው ተቋም በ2007 ይሄንኑ ጉዳይ አጥንቶ ነበር። በተለመደው መለኪያ ኢኖቬሽን የላቸውም የሚባሉ 6 ዘርፎችን መርምሮ የተደበቀ ኢኖቬሽን አለባቸው አለ። ከስድስቱ አንዱ ኮንስትራክሽን ነው።

ፓተንቱም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ሰሌዳው ፓተንትን የሚቆጥረው ፈጣሪው በሚኖርበት ክልል ነው። ለመድኃኒት ወይም ለኤሌክትሮኒክስ ይሄ ስሜት ይሰጣል። በግንባታ ግን የፓነል ማያያዣውን የፈጠረው ሰው አንድ ቦታ ይኖራል፤ ማያያዣው ሥራ ላይ የሚውለው፣ ሠራተኛ የሚለምደው፣ ስሕተቱ የሚታረመው ሌላ ቦታ ነው። ነጥቡ ጠረጴዛው ላለበት ክልል ይሄዳል። ሳይቱ ላለበት ክልል ምንም።

ማደብዘዙ እኩል አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው። የዲዛይን ቢሮና የቁሳቁስ ፋብሪካ የተሰበሰበበት ክልል ግንባታው በከፊልም ቢሆን ይቆጠርለታል። ጥበቡ በተቋራጩና በአናጺው እጅ ያለበት ክልል ግን ባዶ እጁን ይቀራል።

ካርታው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፤ የድንበሩ ስፋት። ሼሌፍተዮ የምትባል የሰሜን ስዊድን ከተማ አለች። በ2021 ሳራ የተባለ የባህል ማዕከልና ሆቴል ተከፈተባት። ሕንፃው 20 ፎቅ ነው፣ የተሠራውም ከእንጨት ነው። የሆቴሉ ክፍሎች ፋብሪካ ውስጥ አንድ በአንድ ተሠርተው መጥተው ነው የተደራረቡት። የአሳንሰሩ ግንብ ሳይቀር ጣውላ በጣውላ ላይ እያቋረጠ ከተለጠፈ ወፍራም ፓነል የተሠራ ነው። እንግዲህ ሰሌዳውን ክፈቱና ሼሌፍተዮን ፈልጉ። አታገኟትም። ያለችው ኧቭሬ ኖርላንድ ውስጥ ነው። ያ ክልል ከስዊድን የቆዳ ስፋት ከሲሶ በላይ ነው። የኡሜዮና የሉሌዮ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ የኪሩና የብረት ማዕድንም እዚያው ናቸው። ሁሉም ተደምረው አንድ ቁጥር ሆነዋል።

የኦስትሪያው የባሰ ነው። ፎራርልበርግ በእንጨት ግንባታ ስሟ የተጠራ ትንሽ ግዛት ናት። ዶርንቢርን ከተማ ላይ በ2012 የተጠናቀቀ ከእንጨትና ከኮንክሪት ተዋሕዶ የተገጣጠመ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ አለ። ስለ እንጨት ሕንፃ የሚያወራ ሰው ሁሉ እሱን ሳያነሣ አያልፍም። ሰሌዳው ግን ኦስትሪያን በሦስት ትልልቅ ክልሎች ብቻ ነው የሚከፍላት። ፎራርልበርግ ከሳልዝበርግ፣ ከቲሮልና ከላይኛው ኦስትሪያ ጋር ምዕራብ ኦስትሪያ ተብላ ተዋጠች። ልዩነት እንፈልግ ብለን መጥተን፣ ልዩነቱ ያለው ክልሉ ውስጥ ሆኖ አረፈ። ቴይል የሚባለውን የልዩነት መለኪያ የሠራ ሰው የምለው ይገባዋል። ያ መለኪያ ጠቅላላ ልዩነቱን በክልሎች መካከልና በክልሎች ውስጥ ብሎ ይከፍለዋል። ሰሌዳው የሚሰጠን የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ጠቅላላ ነጥቡ አሠራሩ ቀላል ነው። መለኪያዎቹ በ0 እና በ1 መካከል ይመጡና አማካያቸው ይወሰዳል። ሁሉም እኩል ክብደት አላቸው። ብዙ የተጠቀሰ የሳይንስ ጽሑፍ፣ አሠራሩን ከለወጠ ድርጅት ጋር እኩል ይመዝናል ማለት ነው። ለጠቅላላ ዓላማ ይሄ አያጣላም። ለግንባታ ግን አሠራሩን የለወጠው ድርጅት እጅግ ይበልጣል። ኤክሴሉ እጃችሁ ላይ ስላለ ክብደቱን ራሳችሁ ቀይራችሁ አስሉት። የአንዳንድ ክልሎች ደረጃ ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ስንት ደረጃ እንደተንቀሳቀሰ ማየት በራሱ፣ ያ ደረጃ ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባ ይነግራችኋል።

አንዳንድ ተንታኞች በ1978 የወጣውን የዳታ ኤንቬሎፕመንት ትንተና የሚባል ዘዴ ይመርጣሉ። ግብዓትና ውጤት አስቀምጦ የቱ ክልል በትንሽ ግብዓት ብዙ እንዳወጣ ያሰላል። ለግንባታ ሲሆን ብዙ ጊዜ ግብዓቱ የምርምር ወጪ፣ ውጤቱ ፓተንት ይደረጋል። ሁለቱም የግንባታውን ሥራ የማያሳዩ ከሆነ አንዱን ለአንዱ ማካፈሉ ምን ይጠቅማል? ዘዴው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ የተመገበው መረጃ ነው።

ይሄን ሁሉ የምለው ጉዳት ስላለው ነው። አንድ ደንበኛዬ ለተገጣጣሚ ፓነል ፋብሪካ ቦታ ሲመርጥ ካርታው ላይ ፈዛዛ ቀለም የተቀባውን ክልል ሁሉ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ሰረዘው። ከተሰረዙት አንዱ ክልል ውስጥ በፓነል መግጠም ለዓመታት የቆዩ ትንንሽ ተቋራጮች ነበሩ። እኔ የማውቃቸው አብሬያቸው ስለሠራሁ እንጂ ሰሌዳው ላይ ስላየኋቸው አይደለም። የክልሉን ገጽ አንድ ላይ ከፍተን ቅርጹን ስናየው በምርምርና በዲግሪ በኩል ነበር የወደቀው። ለፓነል ገጣሚ ያ ምኑ ነው? ሰዎቹ ቀለም ብቻ ታይቶ ሥራ ሊያመልጣቸው ነበር። ይሄ ያናድደኛል።

ታዲያ እኔ ምን አደርጋለሁ? ሰሌዳውን ከሌላ ነፃ አገልግሎት ጋር አጣምራለሁ። ቴድ የሚባለው የኅብረቱ የመንግሥት ጨረታዎች ማስታወቂያ ነው። እዚያ የሚወጣ የግንባታ ጨረታ 45 ብሎ የሚጀምር ኮድ አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራው የሚሠራበት ቦታ የክልል ኮድ ይጻፍበታል። አሸናፊው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ የትም ይሁን የት፣ ሥራው የሚቆጠረው ሕንፃው በሚቆምበት ክልል ነው። እኔ የምፈልገው ይሄንን ነበር። በየክልሉ ካሉት ጨረታዎች ስንቱ ዲጂታል የሕንፃ ሞዴል፣ ማለትም ቢም፣ እንደሚጠይቁ፣ ስንቱ ተገጣጣሚ እንደሚሉ፣ ስንቱ የእንጨት መዋቅር እንደሚፈቅዱ ማየት ይቻላል። የባለቤቱ ጥያቄ በግንባታ ውስጥ ትልቅ ኃይል አለው። የብሪታንያ መንግሥት ከ2016 ጀምሮ በማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክቶች ላይ ቢምን ግዴታ ሲያደርግ ተቋራጩ ወደደም ጠላም መማር ነበረበት።

ቴድም ጉድለት አለበት። የግንባታ ጨረታ እዚያ ለመውጣት የሚገደደው ከ5 ሚሊዮን ተኩል ዩሮ ገደማ በላይ ሲሆን ነው። የግል መኖሪያ ቤት የለበትም። ጽሑፉም በየአገሩ ቋንቋ ስለሆነ ቃል መፈለግ ያደክማል። ስለዚህ ሦስተኛ እጨምራለሁ፤ የዩሮስታትን የክልል የንግድ ሥራ አሐዝ። እዚያ ኮንስትራክሽን ለብቻው ተለይቶ ይገኛል። በየክልሉ ስንት ሰው እንደሚሠራበት ያሳያል። አዲስ ዘዴ የሚጠይቁትን ጨረታዎች በሠራተኛው ቁጥር ስታካፍሉ ትልቅ ክልል በትልቅነቱ ብቻ አያሸንፍም። ከዚያ በኋላ ስልክ አነሣለሁ። ፎርማኖችንና የክሬን አከራዮችን አናግራለሁ። ክሬን አከራይ ማን ምን እንደሚያነሣ ያውቃል። ኮለን በኮለን እየተሞላ ነው ወይስ ሙሉ ግድግዳ እየተሰቀለ፣ ከሱ በላይ የሚነግራችሁ የለም።

እንግዲህ ማን ይጠቀምበት? የክልል ፖሊሲ የምታወጡ፣ ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪን የምታገናኙ፣ አገርን ከአገር ጋር በጥቅሉ የምታወዳድሩ ከሆነ ያለ ሥጋት ተጠቀሙበት፤ ለዚህ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን ያስቀረሁት በተገመቱት ቁጥሮች ምክንያት ነው። የግንባታ ኩባንያ፣ የቁሳቁስ አምራች ወይም የተቋራጮች ማኅበር ከሆናችሁ ለመነሻ ያህል ብቻ፣ ያውም የክልሉን ገጽ እንጂ ካርታውን አትመኑ። ለዚህ 2 ኮከብ። በጥናት ላይ ላላችሁ ተማሪዎች ደግሞ የዘዴ ሰነዱን ከውጤቱ በፊት አንብቡት፤ ብዙ ትማሩበታላችሁ።

ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ኮንስትራክሽን የዳሰሳው የግዴታ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። መጠይቁ ላይ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ትጨመር፤ አዲሱን አሠራር ሥራ ላይ ያዋላችሁት የት ክልል ባለ ሳይት ነው? ድርጅቱ የተመዘገበበትን አድራሻ መዝገቡ ያውቀዋል፤ የሳይቱን ግን የሚያውቀው ተቋራጩ ብቻ ነው።